ከደሴ ተነስቶ የግራፍ ቲዎሪ ተመራማሪ መሆን ይቻላል? የአንድ ረጅም ክር ታሪክ

ክር ስል አንዱ ኢንተርኔት ላይ ጥያቄ ለጥፎ ሌሎች ተራ በተራ የሚመልሱበትን ውይይት ነው። ይህን የከፈተው ልጅ ወሎ ውስጥ ካሉት ዩኒቨርሲቲዎች በአንዱ ሂሳብ የሚማር የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነው። ግራፍ ቲዎሪ ልቡን ወስዶታል። ማስተርሱንም ፒኤችዲውንም በዚሁ ቀጥሎ ተመራማሪ መሆን ይፈልጋል። ቤተሰቡ ደግሞ ሳይመሽብህ ወደ ሶፍትዌር ዙር እያለው ነው። ደሴ የተወለደ ልጅ በዚህ ሙያ እንጀራ ይበላል ወይ ብሎ ጠየቀ። ለምሳሌ የጠራው ዊልያም ታትን ነው። ኬሚስትሪ ተምሮ ሲያበቃ በግራፍ ቲዎሪ ስሙን የተከለውን እንግሊዛዊ። ኬሚስት ከቻለው የሂሳብ ተማሪማ እንዴት ያቅተዋል የሚል ድምፀት ነበረው።

ለማያውቅ ሰው ልንገር። እዚህ ግራፍ የምንለው ነጥቦችንና ነጥቦቹን የሚያገናኙ መስመሮችን ነው። ነጥቦቹ ከተሞች፣ መስመሮቹ መንገዶች ሊሆኑ ይችላሉ። ወይም ነጥቦቹ ሰዎች፣ መስመሮቹ ትውውቅ። ማን ከማን ጋር ተገናኘ የሚለው ነው ቁም ነገሩ። ብዙ ጊዜ መነሻው ተብሎ የሚጠቀሰው ኦይለር እ.ኤ.አ. በ1736 የፈታው የኮኒግስበርግ ድልድዮች ጥያቄ ነው። ከተማዋ 7 ድልድይ ነበራት። ሁሉንም አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ተሻግሮ መዞር ይቻላል ወይ ተባለ። አይቻልም። ዞሮ መመለስ ከፈለግህ አንድ ቦታ በገባህ ቁጥር መውጫም ያስፈልግሃል። ስለዚህ ከአንድ ነጥብ የሚወጡት መስመሮች ብዛት ጎዶሎ ሲሆን ችግር ይመጣል። ይህን ያዙልኝ። ኋላ ትልቁ ጭቅጭቅ የሚነሳው በዚሁ ነው።

ክሩ ረጅም ስለሆነ ሁሉንም አልተርክም። ጥሩ ክፍሉ ግማሹ ብቻ ነው፣ የቀረው ሰላምታና ንትርክ ነው።

1ኛው መልስ አብሽር ብሎ ጀምሮ፣ ልጁን በአላህም በእመቤታችንም መርቆት አለፈ። መረጃ የለውም። ግን ወሎዬ ምርቃት አይሰስትም።

2ኛው ባንክ ቤት የሚሠራ ሰው ነው። እሱም ድሮ ሂሳብ ነው የተማረው። ምክሩ መራራ ቢሆንም በአክብሮት ነው የጻፈው። ግራፍ ቲዎሪ ቆንጆ መሆኑን አምኖ፣ ቆንጆ ነገር ግን የቤት ኪራይ እንደማይከፍል አስታወሰው። ዩኒቨርሲቲ ብትቀጠር እንኳ ሳምንቱን ሙሉ ክፍል ስትገባ ውለህ ማታ ለምርምር የሚተርፍህ ጉልበት አይኖርም ነው ነገሩ። ቀን ቀን የሰው ብር እየቆጠረ መዋሉን ያነሳበት መንገድ ራሱን የሚያጽናና ይመስላል።

3ኛው መልስ ከካናዳ ነው። ጸሐፊው የኮምቦልቻ ልጅ ነው፣ እዚያ በኮምቢናቶሪክስ፣ ግራፍ ቲዎሪን በሚያቅፈው የአቆጣጠርና የአደራደር ሂሳብ፣ ፒኤችዲውን እየሠራ ነው። የታት ታሪክ ልጁ እንዳሳጠረው እንዳልሆነ በትዕግሥት አስረዳ። እኔ ከክሩ ሁሉ ደጋግሜ ያነበብኩት ይህንን ነው።

ታት የአትክልተኛ ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 ኬምብሪጅ፣ ትሪኒቲ ኮሌጅ የገባው በእርግጥ ኬሚስትሪ ሊማር ነው። ግን እዚያው ከሦስት የሂሳብ ተማሪዎች ጋር ገጠመ። አራቱ አንድ እንቆቅልሽ ያዙ። አንድን አራት ማዕዘን መጠናቸው ባልተደጋገመ ካሬዎች ከፋፍሎ መጨረስ ይቻላል ወይ የሚል። መፍቻው ከኤሌክትሪክ መጣ። እያንዳንዱን ካሬ አንድ ሽቦ፣ የካሬውን ጎን በሽቦው የሚያልፍ ከረንት አድርገው ሲያስቡት፣ ፊዚክስ ክፍል የምንማረው የኪርኾፍ ሕግ ሥራውን ሠራላቸው። ሽቦ ከሽቦ የተጋጠመበት ስዕል ደግሞ ራሱ ግራፍ ነው። በ1940 አሳተሙት።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ታት በ1941 ብሌችሊ ፓርክ ገባ፣ እንግሊዞች የጀርመንን ሚስጥራዊ መልእክት የሚፈቱበት ቦታ። ሎሬንዝ የተባለውን ማሽን በዓይኑ ሳያየው፣ አሠራሩን ከተጠለፈ መልእክት ላይ ብቻ ተነስቶ አወጣው። ማሽኑ 12 ጎማ ነበረው፣ ታት የጀመረው አንዱ ጎማ በየ41 ፊደሉ እንደሚደጋገም በማየት ነው። ኮሎሰስ የሚባለው የመጀመሪያ ዘመን ኮምፒውተር የተሠራው ይህንኑ የመፍታት ሥራ ለማፋጠን ነበር። ታት ግን ሚስጥሩን ለአሥርተ ዓመታት አፉ ውስጥ ይዞ ኖረ።

በ1946 ስኮትላንዳዊው ቴይት ከስድሳ ዓመት በላይ በፊት ያቀረበውን ግምት፣ 46 ነጥብ ባለው አንድ ስዕል አፈረሰው። ግምቱ እውነት ቢሆን ኖሮ የአራቱ ቀለማት ጥያቄ፣ ጎረቤት አገሮች አንድ ቀለም እንዳይኖራቸው አድርጎ ማንኛውንም ካርታ በአራት ቀለም መቀባት ይቻላል ወይ የሚለው፣ በቀላሉ ይፈታ ነበር። በ1947 ደግሞ የአንድን ግራፍ ነጥቦች በሙሉ፣ የተገናኙትን ብቻ እያጣመሩ፣ ጥንድ ጥንድ ማድረግ የሚቻለው መቼ እንደሆነ የሚናገር ቲዎረም አወጣ። ፒኤችዲውን ቶሮንቶ የጨረሰው ከዚህ ሁሉ በኋላ በ1948 ነው። በ1962 ዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ ገባ። በ2002 ካናዳ ውስጥ አረፈ።

የካናዳው ልጅ ከዚህ ያወጣው ነገር፣ ታት ከኬሚስትሪ ዘሎ የመጣ ብቸኛ ሊቅ አለመሆኑን ነው። ገና ከመጀመሪያው አብረውት የሚያስቡ፣ ስህተቱን የሚነግሩት ሦስት ጓደኞች ነበሩት። ልጁን የጠየቀውም ስለ ደመወዝ አልነበረም። ያንተ ሦስት ሰዎች እነማን ናቸው ነው ያለው። እኔም ከዚህ ክር ከተባለው ሁሉ ይህችን ነው የማስበልጠው። የሚያሳዝነው ለብዙ መልሶች ማንም ወደ እሷ አልተመለሰም።

4ኛው ካሬ መከፋፈል ሥራ ነው ወይ ብሎ ቀለደ። 5ኛው ሎሬንዝን የፈታው ጭንቅላት የሠለጠነው በዚያው ካሬ መሆኑን ጠቅሶ ቀለዱን መለሰለት። 6ኛው የባንኩ ሰው ነው፣ በዚህ ጊዜ አክብሮቱ ቀንሷል። ታት ኬምብሪጅ እንደነበረው፣ ልጁ ግን በየቀኑ የሚቆራረጥ ኢንተርኔት እንጂ ሌላ እንደሌለው በአንድ መስመር ጻፈ። ልክ ነው፣ ግን አነጋገሩ ይቆረቁራል።

7ኛው ኤርዶሽን አመጣ። ሃንጋሪያዊው ፖል ኤርዶሽ አብዛኛውን ዕድሜውን ቤት አልነበረውም። በሻንጣ ነው የኖረው። አንዱ የሂሳብ ሰው ቤት ይገባል፣ አብረው ይሠራሉ፣ ከዚያ ወደ ሌላው ይሄዳል። ወደ 1,500 የሚጠጋ ጽሑፍ አሳትሟል፣ አብረውት የጻፉት ሰዎች ከ500 በላይ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1996 ሲሞት ራሱ ለሂሳብ ጉባኤ ዋርሶ በሄደበት ነው። እንደ 7ኛው ሰው አባባል ይሄ ሰው የኛው ደረሳ ነው፣ ኪታቡን አንግቶ ከሼኽ ወደ ሼኽ የሚዞረው። ተመራማሪ ለመሆን ኬምብሪጅ አያስፈልግም፣ መዞር ነው ለማለት ነው።

8ኛው የዋድላ ልጅ ነኝ ብሎ ገባና፣ ለቅኔ ብሎ አገር የሚያቋርጥ የቆሎ ተማሪ ሳለ ደረሳ ብቻ ለምን ተጠራ ብሎ ተሟገተ። በፈገግታ ነው የጻፈው ይመስለኛል። 9ኛው ግን ፈገግታ የለውም። ደረሳ የሚሄደው ከሱ የበለጠ የሚያውቅ ሰው ዘንድ ነው። ኤርዶሽ ደግሞ የሚመጣው ጥያቄ ተሸክሞ ነው፣ የገባበት ቤት ሰው ሂሳብ ጠገብ የሚለው እሱ ሲሄድ ነበር። ገንዘቡን የሚያስተዳድርለት ሮን ግራሃም የሚባል ጓደኛ ነበረው። እናት አባት የሚጦር የወሎ ልጅ ማን ቤት ሻንጣውን ያስቀምጣል ብሎ ጠየቀ። ለ9ኛው መልስ የሰጠ የለም። እኔም የለኝም።

ከ10 እስከ 13 ያለው ቡና ነው። አንዱ የሂሳብ ሰው ቡናን ወደ ቲዎረም የሚቀይር ማሽን ነው የሚለውን ቀልድ የኤርዶሽ አድርጎ ጻፈ። ሌላው ቀልዱ የጓደኛው የሬኒ መሆኑን አረመ። ሦስተኛው በወሎ ቡና ወደ ዱዓ እንጂ ወደ ቲዎረም እንደማይቀየር አስታወቀ። አራተኛው በረካው ሳይጠጣ የሚነሳ ሰው ምንም እንደማይሳካለት አከለ። አቦሉ ላይ ክሩ ጠፍቶ ነበር ማለት ይቻላል።

14ኛው መልስ መለሰው። የጻፈችው ወልድያ ሁለተኛ ደረጃ ሂሳብ የምታስተምር ሴት ናት። እስካሁን የተጠሩት ሁሉ ወንዶች መሆናቸውን ቆጥራ ነው የጀመረችው። ቀጥላ ማሪያ ቹድኖቭስኪን አነሳች። ክሎድ ቤርዥ የተባለ ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ አንድ ግምት አቅርቦ ነበር። የተገናኙ ነጥቦች አንድ ቀለም እንዳይኖራቸው አድርገን ስንቀባ፣ የትኞቹ ግራፎች ቀለም አቀባባቸው የተሟላ ሥርዓት እንዳለው ከሁለት ዓይነት ክልክል ቅርጾች ብቻ ይታወቃል የሚል። አራት አስርት ዓመት ማንም አልፈታውም። ቹድኖቭስኪ ገና የፒኤችዲ ተማሪ ሳለች ከሮበርትሰን፣ ከሲሞርና ከቶማስ ጋር ሆና በ2002 አረጋገጡት። ቤርዥ በዚያው ዓመት ነው የሞተው። ማረጋገጫው በ2006 ሲታተም ከ150 ገጽ በላይ ነበር። መምህርቷ ፋን ቹንግንም ጨመረች። ታይዋን ተወልዳ አሜሪካ የሄደች ናት። መምህሯ ኸርበርት ዊልፍ ስለ ራምዚ ቲዎሪ (17ኛው መልስ ላይ ምሳሌው ይመጣል) የሚያወራ ምዕራፍ አንብቢ ብሎ መጽሐፍ ሰጣት፣ እሷ ተመልሳ የመጣችው መጽሐፉ ውስጥ ያለውን ውጤት አሻሽላ ነው። ያ የፒኤችዲዋ ዋና አካል ሆነ። መምህርቷ ይህን የጻፈችው ለልጁ ብቻ አይደለም። ክፍሏ ውስጥ ከልጁ የሚበልጡ ሴት ልጆች እንዳሏት፣ ለእነሱ ግን ማንም ክር እንደማይከፍትላቸው በጠንካራ ቃል ተናገረች።

15ኛው ተሰርዟል። ምን እንደነበር አይተናል፣ መሰረዙ ደግ ነው።

16ኛው ከወልድያ የተመረቀ ልጅ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ወሎና ወልድያ ዩኒቨርሲቲዎች ምን እንደደረሰባቸው አስታወሰ። ላብራቶሪና ኮምፒውተር ሲዘረፍ ኬሚስትሪና ኢንጂነሪንግ የሚማሩት ከባዶ መጀመር ነበረባቸው። የሂሳብ ተማሪ ግን ወረቀትና እስክሪብቶ ካለው ማንም አይዘርፈውም ነው ያለው። ስድስት ሰው የልብ ምልክት ሰጠው።

17ኛው ግን በጨዋነት አረመው። ወረቀት ብቻውን የሚበቃበት ዘመን ካለፈ ቆይቷል። የአራቱ ቀለማት ጥያቄ እ.ኤ.አ. በ1852 ተነስቶ በ1976 የተፈታው አፔልና ሃከን ኮምፒውተር ስለተጠቀሙ ነው። ራምዚ ቁጥሮችንም ተመልከት ብሎ አስረዳ። ከማንኛውም 6 ሰው መካከል እርስ በርስ የሚተዋወቁ ሦስት ወይም ፈጽሞ የማይተዋወቁ ሦስት የግድ ይገኛሉ። ይህን ለቡና የተሰበሰቡ ሰዎች ላይ ማረጋገጥ ይቻላል። ሦስቱን አራት ካደረግነው 18 ሰው ያስፈልጋል። አምስት ስናደርገው ግን ቁጥሩ ከ43 አያንስም፣ ከ46 አይበልጥም፣ ትክክለኛውን እስከ ዛሬ የሚያውቅ ሰው የለም። የላይኛው ወሰን 46 የደረሰው በኮምፒውተር ታግዞ ነው። 18ኛው መብራት ሲጠፋስ ብሎ ብቻ ጻፈ።

19ኛው የተስፋ ሰው ነው። ኦብሪ ደ ግሬይ የሚባል በእርጅና ላይ የሚመራመር ሰው እ.ኤ.አ. በ2018 የሂሳብ ሊቃውንትን ጉድ አሰኘ። ጥያቄው ቀላል ነው። ወለል ላይ ያሉ ነጥቦችን ሁሉ፣ በትክክል 1 ክንድ የሚራራቁ ሁለት ነጥቦች አንድ ዓይነት ቀለም እንዳይኖራቸው አድርጎ ለመቀባት ስንት ቀለም ይበቃል? ከ1950 ጀምሮ ከ4 እስከ 7 መሆኑ ይታወቅ ነበር። ደ ግሬይ 1,581 ነጥብ ያለው ግራፍ ሠርቶ 4 እንደማይበቃ አሳየ። ሙያው ሂሳብ አልነበረም።

20ኛው ቀዝቃዛ ውሃ ቸለሰበት። ኬምፕ የተባለ ጠበቃ እ.ኤ.አ. በ1879 የአራቱን ቀለማት ጥያቄ ፈታሁ ብሎ አሳተመ፣ ዓለምም ተቀበለው። ሂዉድ ቀዳዳውን ያገኘው በ1890 ነው። 11 ዓመት ሙሉ ማንም አላየውም። ስለዚህ ውጤት ማግኘት አንድ ነገር ነው፣ የሚያይልህ ሰው ማግኘት ሌላ። ሂዉድ ግን አፍርሶ ብቻ አልሄደም። ከኬምፕ ዘዴ የተረፈውን ይዞ 5 ቀለም ሁልጊዜ እንደሚበቃ አረጋገጠ። እኔ 20ኛውን ቀዝቃዛ ውሃ ብለውም እውነቱን ለመናገር ከ19ኛው ይልቅ የሚያበረታታው እሱ ነው።

እስከዚህ ድረስ ልጁ ምን ጥያቄ እየሠራ እንደሆነ የጠየቀው ሰው አልነበረም። 21ኛው ጠየቀው። ይሄ ከ1ኛው ቀጥሎ መምጣት የነበረበት ጥያቄ ነው።

በ22ኛው ልጁ ተመልሶ መጣ። ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ መብራት ቆጣሪ የሚያነብ ሰው አይቶ ነው ሐሳቡ የመጣለት። ሰውየው ከቢሮ ተነስቶ እያንዳንዱን መንገድ ማለፍ አለበት፣ በመጨረሻም ወደ ቢሮ ይመለሳል። ከአንድ መጋጠሚያ የሚወጡት መንገዶች ጎዶሎ ከሆኑ አንዱን መንገድ መድገሙ አይቀርም። ልጁ እንዲህ አለ። ጎዶሎ መጋጠሚያዎችን ቁጠር፣ ለሁለት አካፍል፣ የሚደገሙት መንገዶች ብዛት እሱ ነው። ለማረጋገጫ ኮኒግስበርግን አቀረበ። 4 ጎዶሎ ቦታ፣ ግማሹ 2፣ በእርግጥም 2 ድልድይ ከደገምክ ይሳካል። ማረጋገጫውን በእጁ ጽፎ ፎቶ አንስቶ ለጠፈ። ጽሕፈቱ ያምራል።

23ኛው ስለ መንገድ ሲወራ ዝም ማለት ያልቻለ ሹፌር ነው። ከደሴ ወልድያ በሐይቅ በኩል ያለው መንገድ ቢዘጋ በኩታበር፣ በወገል ጤና አድርገህ ጋሸና ወጥተህ ትደርሳለህ፣ ስለዚህ የወሎን ካርታ ማንም ቆርጦ ለሁለት አይለየውም ብሎ ገባ። ከጥያቄው ጋር ብዙ አይገናኝም። ቢሆንም አንድ መስመር ሲቆረጥ ግራፉ ለሁለት ይከፈላል ወይስ አይከፈልም የሚለው ራሱን የቻለ የግራፍ ቲዎሪ ጥያቄ ነው፣ ሹፌሩ ሳያውቀው ቢያንስ ለዚያች መንገድ በትክክል መለሰው።

24ኛው ጡረታ የወጡ ቆጣሪ አንባቢ ናቸው። ልጁን ልጄ ብለው ነው የሚጠሩት። መንገዱን አንድ ጊዜ ብቻ እንደማያልፉት አስረዱት። ሰፊ መንገድ ላይ በግራ በኩል ያሉትን ቤቶች እያነበቡ ይወጣሉ፣ በቀኝ በኩል ያሉትን እያነበቡ ይወርዳሉ። መሃል መንገድ እየተሻገሩ መዋል አያዋጣም፣ ባጃጁም አያስኬድም። እንዲህ ከሆነ እያንዳንዱ መንገድ ሁለት መስመር ይሆናል። ከየመጋጠሚያው የሚወጣው ቁጥር እጥፍ ስለሚሆን ጎዶሎ የሚባል ነገር ይጠፋል። አንዱንም ጎን ሳይደግሙ ሁሉን ጨርሰው ቢሮ መመለስ ሁልጊዜ ይቻላል። ጋሼ ይህን ኦይለርን ሳያነቡ ሲሠሩበት ኖረዋል። ልጁ በጣም አመሰገናቸውና፣ የሱ ጥያቄ ግን ሁለቱም ጎን በአንድ ጊዜ የሚነበብበት ጠባብ ቅያስ መሆኑን አብራራ።

25ኛው አፈረሰው። የጻፈው ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ የሚሠራ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ነው፣ ሦስት መስመር ብቻ። አንድ አደባባይ አስብ፣ ሦስት ቅያስ ይወጣበታል፣ ሦስቱም መጨረሻቸው ዝግ ነው። አደባባዩ 3፣ ሦስቱ ጫፎች 1 1 1፣ ጎዶሎዎቹ 4 ናቸው። የልጁ ሕግ ሁለት መንገድ ብቻ ይደገማል ይላል። ዝግ ቅያስ የገባ ሰው ግን በገባበት ነው የሚወጣው፣ ሦስቱም ይደገማሉ። ደሴ ደግሞ ተራራ ሥር የተሠራች ከተማ ናት፣ ዝግ ቅያስ ከሞላባት ሰፈር ላይ ነው ሕጉ የሚወድቀው።

ልጁ ዝም አለ። የባንኩ ሰው በ26ኛው ይህን አጋጣሚ አላለፈውም። ቆጣሪው ሁሉ በካርድ እየተቀየረ ስለሆነ ልጁ ጥያቄውን ሳይፈታ ጥያቄው ራሱ ጡረታ ይወጣል ብሎ ሳቀበት። 27ኛዋ መምህርቷ ናት። ቆሻሻ የሚያነሳ መኪና፣ የውሃ ቆጣሪ፣ ፖስታ፣ መንገድ የሚጠርግ ሠራተኛ ሁሉ ተመሳሳይ ጥያቄ እንዳለባቸው ነግራው፣ ብር መቁጠሪያ ማሽንም ባንክ ውስጥ እንዳለ አስታወሰችው። ሳቅሁ። ትንሽ ከበደች ያሉም አሉ።

28ኛው የካናዳው ልጅ ሲመለስ ነው ነገሩ የተቃናው። ልጁ ያገኘው ግማሽ ቁጥር ትክክለኛ መልስ ባይሆንም ትክክለኛ የታች ወሰን ነው። ከዚያ ያነሰ ድግግሞሽ በጭራሽ አይቻልም። ጥያቄው ራሱ ስም ያለው ነው፣ ጓን ሜይጉ የተባለ ቻይናዊ የሂሳብ ሰው እ.ኤ.አ. በ1960 አቅርቦታል፣ የሱ ሰው ፖስተኛ ነበር። መፍትሔው ጎዶሎ መጋጠሚያዎችን ጥንድ ጥንድ ማድረግ ነው፣ በጥንዶቹ መካከል ያለው የእግር ጉዞ በድምሩ እንዲያንስ አድርጎ። ማጣመር ማለት ደግሞ ታት በ1947 የነካው ነገር ነው። ከሱ በኋላ ጃክ ኤድመንድስ በ1965 ምርጡን ማጣመሪያ በፍጥነት የሚያገኝ ዘዴ አወጣ። በ1973 ከኤሊስ ጆንሰን ጋር ሆኖ የፖስተኛውን ጥያቄ በዚሁ ፈታው። ኤድመንድስ ያስተምር የነበረው ዋተርሉ ነው፣ ታት ያለበት ክፍል። ልጁ ቀዳዳውን ለመድፈን የሚያስፈልገው መጽሐፍ ራሱ በመጀመሪያ ልጥፉ የጠራው ሰው ሥራ ላይ ያረፈ ነው።

በዚያው መልስ ስለ ገንዘብም ተናገረ፣ አጭር አድርጎ። ኤይምስ የሚባለው የአፍሪካ የሂሳብ ሳይንስ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2003 ኬፕ ታውን ተከፍቶ አሁን በሩዋንዳ፣ በጋና፣ በሴኔጋልና በካሜሩንም አለ፣ ማስተርስ በስኮላርሺፕ ያስተምራል። ጣሊያን ትሪየስት ያለው አይሲቲፒ ከታዳጊ አገር ለሚመጡ የዲፕሎማ ዓመት አለው። ከ1994 ጀምሮ የሚታተም የኮምቢናቶሪክስ ኤሌክትሮኒክ ጆርናል አለ፣ ለማንበብም ለማሳተምም አያስከፍልም። የባንኩ ሰው ይህን አንብቦ ይሁን አይሁን አይታወቅም፣ ከዚህ በኋላ አልጻፈም።

29ኛው ጥያቄውን አከበደው። ቢሮው ሁለት አንባቢ ቢኖረውስ? ሁለቱም እኩል ተነስተው፣ ዘግይቶ የሚመለሰው በተቻለ መጠን ቶሎ እንዲመለስ? የኮምቦልቻው ባለሙያ በ30ኛው ያቺኑ አደባባይ ይዞ መጣ። የተለያየ ርዝመት ያላቸው ብዙ ዝግ ቅያሶች ካሉ፣ ጥያቄው ርዝመቶቹን ለሁለት እኩል መክፈል ብቻ ይሆናል። ይህ ቀላል ይመስላል እንጂ ቁጥሮቹ ትልልቅ ሲሆኑ ሁልጊዜ በፍጥነት የሚሠራ ዘዴ እስከ ዛሬ ያልተገኘለት ነው። ለዚህ ሰውዬ ባርኔጣ ማንሳት ያስፈልጋል። ዩኒቨርሲቲ ይማር አይማር አልተናገረም፣ ማንም አልጠየቀውም።

31ኛው ልጁ ነው። ሕጉን አስተካክሎ የታች ወሰን አድርጎ ጻፈው፣ መቼ እኩል እንደሚሆንም ጨመረ። ጎዶሎ መጋጠሚያዎች በሙሉ ጎን ለጎን ካለ ጎዶሎ መጋጠሚያ ጋር መጣመር ሲችሉ ነው። ለዚህ ደግሞ የታትን ቲዎረም ራሱን ተጠቀመ። ትክክል ነው። አዲስ አይደለም፣ ግን በራሱ እግር የደረሰበት ነው።

32ኛው መልስ የጡረተኛው ነው። አንድ ነገር እንዳልገባቸው ጻፉ። ወጣቶቹ መንገድ ሲቆጥሩ ዳገቱን የቆጠረ የለም። ወደ ጦሳ ተራራ ሲወጡ የሚፈጀው ጊዜና ሲወርዱ የሚፈጀው አንድ አይደለም። መንገድን ከላይ ወደ ታች እያነበቡ መሄድ የሚቻልበት ዙር ቢገኝ እሳቸው ያኔውኑ ይፈልጉት ነበር።

33ኛው ከካናዳ ነው፣ ደስታው ከጽሑፉ ይታያል። ይሄም ስም ያለው ጥያቄ ነው። መሄጃውና መመለሻው እኩል የማያደክምበት የፖስተኛው ጥያቄ፣ በባለሙያዎቹ አጠራር ነፋስ የሚገፋው ፖስተኛ። ራሱ ጓን በ1984 በጠቅላላው ሲታይ ከከባዶቹ ጥያቄዎች ተርታ መሆኑን አሳይቷል። ግን ካርታው የተለየ ቅርጽ ሲኖረው የሚቀልባቸው ሁኔታዎች አሉ። አንድ ሸንተረር ላይ የተደረደረ ከተማ ምን ዓይነት ቅርጽ እንደሚሰጥ ልጁ እንዲያይ መከረው፣ ማረጋገጫውንም አነብልሃለሁ ብሎ ኢሜይሉን በግል ላከለት።

ልጁ ከአራዳ ወደ ላይ ያሉትን ቅያሶች፣ ሲወጡና ሲወርዱ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጁ፣ ጋሼ እንዲነግሩት ለመነ። ጋሼ ጉልበታቸው አሁን እንደማይፈቅድ ጽፈው፣ በቃላቸው ያለውን ግን ቅያስ በቅያስ አስገቡ። 35ኛው እሱ ነው። 36ኛው ደግሞ አንዷን ቅያስ ሁለቴ እንደቆጠሯት አርሟቸዋል።